በሆዴ ያነበብኩት ስም

የአባቴን ስም ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። በዓይኔ አላልኩም። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም፣ ድንጋዩን ሳላየው፣ ከሩቅ፣ በድምፁ ለይቼ አገኘሁት። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴ እንኳ አታምነኝም፤ ልጆቼ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት «ጀመረው!» ይላሉ። እኔ ግን አመኑኝ አላመኑኝ ብዬ ወሬ የማቋርጥ ሰው አይደለሁም። ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ እንደ እኔ የሚያወራ ሰው ከተገኘ ጋቢዬን አውልቄ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ጋቢዬ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር ለሠርግ ስሄድ ሚኒባሳችን መካነ ሰላም ሳይገባ አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ረዳቱ ኬሻ ሲጭን ናፍጣና ትኩስ ዱቄት አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ አፍኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ከጅዳ የተመለሰች ልጅ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ ላይ የአውሮፕላኑ ወረቀት ገና አልተላጠም።

«አሞዎት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«የለም፣ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ነው» አልኳት።

እስከ መናኸሪያው ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቀረች።

እውነቴን ነው። ሦስተኛ ክፍል የነበርኩት ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ያለነው እኔ፣ እናቴ መዲና እና የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘሀራ ነን። አባቴ ሰይድ ይማም የለም። እኔ ጡት ሳልጥል፣ በግ ሊሸጥ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በአፈሳ ተያዘና ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ተጫነ። በጉ ብቻውን ወደ ቤት ተመለሰ። አክስቴ ያን በግ አላረደችውም፣ አልሸጠችውም፤ ባየችው ቁጥር ግን «አንተ ከሃዲ!» ትለው ነበር።

አክስቴ ዘሀራ የበርበሬና የጨው ነጋዴ ናት። ስትስቅ የሰው በቅሎ ይደነብራል። ምላሴንም ጉራዬንም የወረስኩት ከሷ ነው፤ ሌላ የሚወረስ ነገር አልነበራትም።

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ሐውልት ነበር። ሐውልት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሲሚንቶ መደብ፣ መደቡ ላይ ቀይ የተቀባ ኮከብ፣ ከኮከቡ ሥር የኔ ቁመት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ ከአገራችን ዘምተው የሞቱት ሰዎች ስም ተቀርጿል። የተመረቀ ዕለት ካድሬው በእጅ ማይክ ስም መጥራት ጀመረ። መሐል ላይ ባትሪው አለቀ። ካድሬው በባዶ አፉ ቀጠለ፤ ከገደሉ ነፋስ ይነፍሳል፤ ከተጠራው ስም ግማሹ ወደ ሕዝቡ፣ ግማሹ ወደ ዓባይ በረሃ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ሰይድ ይማም ተጠርቷል» ይላል። ገሚሱ «የተጠራውስ ሌላ ሰይድ ነው» ይላል። በኛ አገር ሰይድ የሌለበት ቤት ቁንጫ የሌለበት ቤት ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ አታገኙም።

አክስቴ አልሰማችም። ካድሬው ማይኩን ገና ፉ ፉ ሲል ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ሄደች። «መርዶ በማይክ አይነገርም» አለች። ልክ ናት። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የቅሬው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቤት ድረስ መጥተው። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ገበያ ላይ አይነገርም፤ ከልጅ አፍ አይሰማም። የሚያውቅ ሰው ቢኖር እስከዚያች ጎህ ድረስ ምላሱን ነክሶ ዝም ይላል። መርዶውን የሚረዳውም ሰው ቢጠረጥር እንኳ አይጠይቅም። እንዲህ ነው ደንቡ።

ስለዚህ ድንጋዩ ቆሞ በነበረ ጊዜ አክስቴ በዚያ ስታልፍ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ነው። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ጎረምሶች ኮከቡን በመዶሻ ሰባበሩት፤ ድንጋዩም ተገፍቶ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ከወደቀበት ጠፋ። ማን ወሰደው ሲባል ሁሉም ትከሻውን ይሰብቃል።

በዚያው ሰሞን በሱዳን በኩል የተመለሰ አንድ ወታደር ገበያ ላይ «ሰይድን ከሰላ በምትባል ከተማ ሻይ ሲጠጣ ያየሁት መሰለኝ» አለ። «መሰለኝ» ያላትን ማንም አልሰማትም። እኔ ደግሞ አባቴ ማለት ከሰላ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው ብዬ ያዝኩ። ሻዩ ትኩስ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ ሲጨርስ ይመጣል። ሌት ተቀን እንዲህ አስብ ነበር። ምን ዓይነት ብርጭቆ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ባቄላው ሲነቀል፣ ከከላላ ሽማግሌ መጣ። ሐሰን የሚባል ሰው እናቴን ለማግባት ልኮ ነው። እኔ ከጎታው ጀርባ ተወሽቄ ሁሉንም ሰማሁ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታለች።

አክስቴ እንዲህ አለች፦ «ወንድሜ ካለ ትጠብቀው። ከሌለ ታግባ፣ ገና ልጅ ናት። አለ ወይ የለ ሳይባል ሰው በር ላይ ቆሞ አያረጅም።»

የቅሬው ዳኛ አያ እንድሪስ ጢማቸውን አሻሹ። «በወሬ መርዶ አንናገርም ዘሀራ። በቁሙ ያለን ሰው መግደል ሐራም ነው። ድንጋዩ ይገኝ፤ ስሙን በዓይኑ ያየ ሰው መጥቶ ይንገረን። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።»

«ልጁስ?» አለ ከከላላዎቹ አንዱ።

«ልጁ የሰይድ ዘር ነው። እናቱ ብታገባ እሱ ከአክስቱ ጋር ይቀራል» አሉ አያ እንድሪስ፣ ስለ ጥጃ እንደሚያወሩ።

እኔ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ድንጋዩ ከተገኘና ስሙ ካለበት አባቴ ይሞታል፤ እናቴ ከላላ ትሄዳለች፤ እኔ እቀራለሁ። ድንጋዩ ካልተገኘ አባቴ ሻዩን ይጠጣል፤ እናቴም እዚሁ ናት። ስለዚህ ድንጋዩ መገኘት የለበትም። አለቀ።

አክስቴ ግን በማግሥቱ ፍለጋ ጀመረች። መጀመሪያ ፊደል የቆጠሩትን ሰዎች ዞረች፤ «ድንጋዩ ቆሞ ሳለ አላነበባችሁትም?» እያለች። መርዶ ከአፌ እንዳይወጣ ብሎ የአገሩ ማንበብ የሚችል ሁሉ በአንድ ቀን መሃይም ሆነ። የቀድሞው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የመሠረተ ትምህርት ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ከሥሩ ተቀምጦ «እኔ ፊደል የሚባል አላውቅም እት ዘሀራ» አላት።

«ያ የተሰቀለውስ?»

«እሱ... ለግድግዳው ጌጥ ነው።»

ያኔ ሰው ሁሉ ለኔ ደግ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ራሴን ይዳብሰኛል፤ ኪሴን ቆሎ ይሞላልኛል። እኔ መልኬ ስለሚያምር ነበር የመሰለኝ። መልኬ በርግጥ ያምር ነበር፤ ግን ለሱ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

እኔን ያጠመደኝ የገዛ ጉራዬ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ሴቶቹ ስለ ድንጋዩ ሲያወሩ አላስችል አለኝ። «እኔ ዓይኔን ታስሬ አውቀዋለሁ!» አልኩ። «በጠጠር ስንመታው እንደ ብረት ነበር የሚጮኸው። ድምፁን ከሺ ድንጋይ እለየዋለሁ!» ድንጋዩ ቆሞ ሳለ በጠጠር እየመታን ከዘበኛው እንሮጥ ስለነበር እንጂ፣ ከሺ ድንጋይ የምትለዋ በዚያች ሰዓት የተወለደች ናት።

አክስቴ ለካ ከኋላዬ ኖራለች። የበርበሬ ኬሻዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ታነባለህ አይደል ሙሄ?»

«ከክፍሌ አንደኛ ነኝ!» አልኳት። ይቺን ምላስ ያኔ ቆርጬ ብጥላት ኖሮ!

አክስቴ ዞር ዞር ብላ የወፍጮ ቤቱን ደፍ አየች። ጥቁር፣ ሰፊ ድንጋይ ነው። «ይሄን አንሱልኝ» አለች።

«ምን ነካሽ እት ዘሀራ!» አለ ባለ ወፍጮው። «ሰው ተደናቅፎ ይወድቃል!»

«ዱቄት ላይ ነው የሚወድቀው፣ አይጎዳም። አንሱ!»

አራት ሰው ተረዳድቶ ገለበጠው። ሞተሩ ይንዶቀዶቃል፤ ናፍጣው ይከረፋል፤ ዱቄቱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ጠጠሬን ጨብጬ እጠብቃለሁ። ከሥሩ የተጋገረ ዱቄትና ጥንዚዛ ብቻ ተገኘ። በጠጠር መታሁት፤ ዱፍ አለ። «አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ክንዴን ያዘች። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም።

«ስማኝ። ስሙን ያገኘኸው እንደሆነ ጮክ ብለህ እንዳታነበው። ለኔ እንዳትነግረኝ። በሆድህ አንብበህ፣ ቀጥ ብለህ ሄደህ ለአያ እንድሪስ ትነግራለህ። እኔ ወንድሜን በደንቡ ነው የማለቅሰው።»

«ስሙ ከሌለበትስ?»

«ከሌለበትማ እዚያው ቆመህ እንደ አህያ አናፋ! አገር ይስማ!»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የገባኝ እንዲህ ነው፤ ስሙን ማንም እስካላነበበ ድረስ አባቴ በሕይወት አለ። የሚገድለው ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው የኔ ዓይን ነው። ስሙ ላይ ዓይኔን ባሳረፍኩ ቅጽበት ከሰላ ላይ ብርጭቆው ከእጁ ይወድቃል።

መላ ፈለግኩ። ማንበብ ተውኩ። ከክፍሌ አንደኛ የነበርኩት ልጅ መምህራችን ሲያስነሳኝ «ሀ» እና «ሐ»ን እንኳ አላውቅም አልኩ። «በሬ» የሚለውን ቃል አፍጥጬ አይቼ «ዶሮ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ በአለንጋ ተገረፍኩ። ጀግና ማለት እንዲህ ነው፤ ስለ አባቱ ሕይወት «በሬ»ን «ዶሮ» የሚል። መምህሩ ለአክስቴ ነገራት። እሷም የጨው ኬሻዋን ፊቴ ላይ ዘርግታ ጽሑፉን አንብብ አለችኝ። ተንተባተብኩ። ኬሻውን መልሳ አጠፈችው።

«ፈርተህ ከሆነ ፍራ» አለች በመጨረሻ። «ደደብ ሆኛለሁ የምትለኝን ግን አልቀበልም። ዘራችን አይፈቅድም።»

እናቴ በነዚያ ቀኖች ፀጉሯን ቅቤ መቀባት ተወች። የምትወደውን የገብስ ቂንጬ ለኔ እየገፋች እሷ አትበላም። አንድ ቀን ባቄላ ስንፈለፍል «ሙሄ፣ ከላላ ብርድ ነው ይላሉ» አለችኝ።

«እና?»

«እናማ ምንም። ብርድ ነው ይላሉ።»

ልጅ ሆኜ «ጋቢ ይኖራቸዋል» አልኳት። እሷ ግን የባቄላውን ልጣጭ መሬት ላይ ትደረድራለች። አሁን ሳስበው ይዤው ልሂድ ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ፍለጋው ቀጠለ። ወንዝ ወርደን ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ድንጋይ ሁሉ በጠጠር መታሁ፤ «ለድንጋይ ሐኪም መጥቷል፣ የኔን ጉልበትም ምታልኝ» እያሉ ሳቁብኝ። የሊቀመንበሩን የበግ ጋጣ በር ደገፍ ያደረገ ድንጋይ አገላበጥን። የሰው መቀመጫ፣ የሰው ማሳ ድንበር፣ የመድረሳው ደጃፍ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ድንጋይ፣ አንዱንም አልተውን። ሁሉም ዱፍ ይላል። ከዱፍታው በፊት ያለችው ትንፋሽ ግን ነፍሴን ትጨርሳት ነበር።

ኅዳር ተጋመሰ። የክርስቲያኖቹ የነቢያት ጾም ተጀምሯል። ከአክስቴና ከጭነት በቅሎዋ ጋር ከቆላ ገበያ ስንመለስ፣ ፀሐይዋ ወደ ዓባይ ስታዘቀዝቅ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ደወል ተመታ። የድንጋይ ደወል ታውቁ እንደሆነ፣ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠፍር ይሰቀልና በሌላ ድንጋይ ይመታል። በዚያ መንገድ ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ የድሮው የዚያ ቤተ ክርስቲያን ደወል ድምፁ እንደ ሸክላ የተሰነጠቀ ነበር።

ይሄኛው ግን እንደ ብረት ጮኸ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በቅሎዋ ከኋላ መጥታ በአፍንጫዋ ገፋችኝ።

«ምን ሆንክ?» አለች አክስቴ።

«እሾህ ወጋኝ።»

«የቱን እግርህን?»

«ሁለቱንም።»

ደወሉ ደግሞ ተመታ። አክስቴ ወደ ደወሉ አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ፣ ምንም ሳትናገር፣ ወደ አፋፉ መንገድ ታጠፈች። ተከተልኳት። እግሬ ላይ እሾህ የለም፤ ግን እንደ እሾህ ነው የሚወጋኝ።

መምሬ ተክሌ የሚባሉት የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ የአክስቴ የበርበሬ ደንበኛ ናቸው። ደጀ ሰላሙ በር ላይ ነጠላቸውን እያጣፉ ተቀበሉን።

«ምነው እት ዘሀራ፣ በደህና?»

«ደወልዎ ከየት መጣ መምሬ?»

መምሬ መሬት መሬት አዩ። «ከናንተው ሰፈር ነው። የወደቀ ዕለት ከብት ሲረግጠው አየሁ። የሙት ስም አይረገጥም ብዬ በቃሬዛ አስይዤ አመጣሁት፤ እንደ ሬሳ። የኛ ደወል ተሰንጥቆ ነበርና ሰቀልኩት። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ስሙን ያየ ሁሉ እንዳይጣላበት ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሬዋለሁ።»

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«የናንተ መርዶ በቅሬያችሁ ነው። እኔ ምን አግብቶኝ እነግርሻለሁ? አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «ልጁን ያስገቡልኝ። ያነባል» አለች። ከዚያ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለኛ፣ ፊቷን ለገደሉ ሰጥታ። ፊቴን ላለማየት ነው።

ድንጋዩ ከግንቡ ጋር ያለው ክፍተት የልጅ ጎን ብቻ ነው የሚያሾልከው። ገባሁ። መዳፌን ሳሳርፍበት ድንጋዩ ገና ይንቀጠቀጣል፤ ከመመታቱ አልበረደም። የግንብ እርጥበትና የርግብ ኩስ ይሸታል። ፊደሎቹ ውስጥ የቀይ ቀለም ቅሪት አለ። ከላይ ጀመርኩ፤ በሆዴ። አንዱን ስም አሳለፍኩ፤ ሌላውን አሳለፍኩ። የክርስቲያን ስም፣ የእስላም ስም፣ የማላውቃቸው ስሞች። ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። ቀስ ካልኩ እሱ ትንሽ ይቆይ ይሆናል ብዬ።

«ሰይድ» የሚል አየሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዱን ዓይኔን ብቻ ከፈትኩ። «ሰይድ አሊ» ይላል። ሌላው ሰይድ! ሌላው ሰይድ ነበር የተጠራው! አባቴ አለ፤ እናቴ አለች! አላስቻለኝም፣ ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ ማናፋት ጀመርኩ፦ «ሃ—»

ያኔ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከሥሩ «ሰይድ ይማም» ይላል።

የአህያዋን ግማሽ ወደ ሆዴ መልሼ ዋጥኳት።

በክፍተቱ በኩል አክስቴን አያታለሁ። ሳናፋ ሰምታ ብድግ ብላ ነበር። እጇ ወደ ሰማይ ተነስቷል፤ እልል ልትል ነው። ቀሪውን ግማሽ ጠበቀች። ነፋሱ ብቻ ነበር። እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ሻሿን አስተካከለች፤ ወደ ገደሉ ዞራ ተመልሳ ተቀመጠች።

መምሬ ጎትተው አወጡኝ። እንባዬን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። «በሆድህ ይዘኸው ሂድ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እስኪነጋ ነው።»

አክስቴ አልጠየቀችኝም። ማንንም የማታስቀምጥበት በቅሎዋ ላይ አንስታ አስቀመጠችኝ። «ደክሞሃል» አለች። መንገዱን ሙሉ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራች፤ ስለ አንድ ሚዛን ሌባ፤ ስለ ጨው መርጠብ። ድምፅዋ አንዳንዴ ይቆረጥና እንደገና ከበርበሬው ይጀምራል። እኔ የበቅሎዋን ጋማ ጨብጬ ከንፈሬን እነክሳለሁ። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ያን ቀን ግን ሆዴ ድንጋይ ነበር።

የአያ እንድሪስ ቤት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ በቅሎዋን አቆመች። ከኬሻዋ ጨው ዘግና በጨርቅ ቋጠረችልኝ።

«ይሄን ለአያ እንድሪስ አድርስልኝ። ጨው ጎድሎብናል ብለው ነበር።»

አላሉም። ማንም አላለም። ወረድኩና ሄድኩ።

አያ እንድሪስ ከብት እያስገቡ ነበር። ነገርኳቸው።

«በዓይንህ አየህ?»

«በዓይኔ።»

«ይማም የሚለው አለበት?»

«አለበት።»

ጨውዋን ተቀብለው አፈር ላይ ቁጢጥ አሉ። ትልቅ ሰው አፈር ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። «አላህ ያጠንክርህ» አሉኝ። ለልጅ እንዲህ አይባልም ነበር።

ቤት ስደርስ አክስቴ ግቢውን ትጠርጋለች። እንስራ ከጎረቤት ተውሳለች፤ ቁርበት እያወጣች ታራግፋለች።

«ምን እንግዳ አለብን?» አለች እናቴ።

«ቤት ለራሱ አይጠረግም እንዴ?»

እናቴ ወደኔ ዞረች። እኔ አመዱን አየሁ። ያን ምሽት የአባቴን ሻይ ባሰብኩት ቁጥር ብርጭቆው ውስጥ አንድ ጉንጭ ብቻ ናት የምትታየኝ። እሷንም እንዳይጠጣት ለመንኩት።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ኮቴ መጣ። አያ እንድሪስ ከደጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘሀራ፣ አንቺ ዘሀራ!» አሉ።

አክስቴ ወጣች። «ምነው በዚህ ጠዋት? ምን ሆናችሁ?» አለች፣ ምንም እንዳልጠረጠረ ሰው። ደንቡ ነውና። ነገሯት። ያኔ የወጣው ጩኸት ግን ለደንብ ብሎ የወጣ አልነበረም። በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች። እናቴ ከጓዳ ወጥታ መሬት ላይ ተዘረረች። እኔ ከጎታው ጀርባ ተሸጎጥኩ፤ ገዳዩ እኔ ነኝ፣ አሁን ያወጡኛል እያልኩ። አወጡኝም። አክስቴ እጄን ይዛ በሰው መሐል አቆመችኝ።

«ይኼ ነው ወንድሜን ያመጣልኝ!» እያለች አለቀሰች። «ከበረሃ ያመጣልኝ ይኼ ነው!»

ስትጮህብኝ እንጂ ስታመሰግነኝ ሰምቼ ስለማላውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

ለቅሶው ላይ መምሬ ተክሌ ሰዎቻቸውን ይዘው መጡ። «ድንጋዩ የናንተም ነው፤ ካላችሁ እናወርደዋለን» አሉ።

«አይወረድ» አለች አክስቴ። «እዚህ ካመጡት ነገ በርበሬ አሰጣበታለሁ፤ እኔን አውቃለሁ። እዚያው ይጩህ።»

እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆይበትን ዒዳዋን ጨረሰች። ሐሰን ሁለት በቅሎ ይዞ ከከላላ መጣ፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። የእናቴ ዕቃ ተጫነ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። እናቴ በቅሎዋ አጠገብ ደርሳ እግሯ እምቢ አላት። ወደኔ አታይም፤ ካየች አትሄድም። ሽማግሌዎቹ «በይ ውጪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይላሉ።

አክስቴ ከቤት ወጣች። የኔን ልብስ ቋጥራ ይዛለች።

«ልጁን ጫኑት» አለች።

አያ እንድሪስ ደነገጡ። «ዘሀራ! የሰይድ ዘር እኮ ነው። ደንቡ—»

«ደንቡን አውቀዋለሁ አያ እንድሪስ። የዚህ ልጅ ምላስ ግን አድክሞኛል። ከላላዎች ደግሞ ይቻሉት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸው እያነባ ነው የሚስቁት። እናቴ የአክስቴ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል አክስቴ አንስታ አቆመቻት። እኔን ብብቴን ይዛ በቅሎው ላይ ካለው ሐሰን ፊት አስቀመጠችኝና ልብሴን ጭኔ ላይ ወረወረችው። ከዚያ በርበሬዋን ልታሰጣ ዞረች። እኔ ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሲሸኘን እሷ በርበሬዋን ታገላብጣለች፤ አንዱን ታነሳለች፣ ታያለች፣ ትጥላለች።

ይኸው ነው። አሁንም አታምኑኝም፤ በደንብ አውቃለሁ። እንግዲያው ሂዱና ጠይቁ! መጀመሪያ ከላላ ግቡ። ሐሰን ሸምግሏል፤ ያን ቀን እስከ ከላላ ድረስ በቅሎው ላይ ምን ያህል እንዳለቀስኩበት ይነግራችኋል፤ እጀ ጠባቡ እስከ ዛሬ አልደረቀም ይላል፣ እሱም እንደ እኔ መቀባባት ተምሯል። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ተመለሱና አክስቴን እራሷን ጠይቁ። አርጅታለች፤ ጮክ በሉ። በርበሬ ሳትገዙ እንዳትጠይቋት፣ ትቆጣለች። ልጁን ለምን ሰጠሽው በሏት። እኔ በሄድኩ ቁጥር ጠይቄያታለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ምላስህ ነው ትለኛለች። ለእናንተ ሌላ መልስ ከሰጠቻችሁ ግን፣ በአላህ፣ ቶሎ መጥታችሁ ንገሩኝ።